ሕዳር ላይ የደረሰው የጥር ፍሬ

«ካልደረሰስ?» አለ አንደኛው።

«ካልደረሰማ ይጠበቃል» አለ ሌላው።

ቀጥሎ ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አላወቅሁም። ደርግ ከወደቀ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ያኔ የመኪና ወንበር መስፋት የጀመርኩ ጎረምሳ ነኝ፤ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ፣ ዋንዛው ሥር፣ አሮጌ ሸራ አንጥፌ የአንድ ፊያት መቀመጫ ሞላ እፈታለሁ። ከግንዱ ማዶ፣ አግዳሚው ላይ፣ ጋሽ አጽብሃና ያኔ ገና ሐጂ ያልሆኑት ጎረቤታችን ሱሩር ተቀምጠዋል። የትኛው እንደጠየቀ፣ የትኛው እንደመለሰ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ከሳቁ በኋላም የተባለ ነገር ነበር፤ ግን ከአጥር ወዲያ ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ጀመረና ቀሪውን ጩኸቱ ወሰደው።

ይህችን ቁራጭ ወሬ ከሃያ ዓመት በላይ ይዣት ስዞር ለምን እንደምትጠቅመኝ አላውቅም ነበር። እስካውቅ ድረስ ብዙ ፍሬ ተቃጠለ።

ነገሩ የተጀመረው በስለት ነው። ጋሽ አጽብሃና ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ አንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቱ ገና ዳዴ ስትል ታማ ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥባት፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይዘዋት ሄደው ተሳሉ። ቂርቆስ ራሱ ሕፃን ሳለ ነው ሰማዕት የሆነው፤ የሕፃን ነገር ይገባዋል። ልጅቱ ዳነች። ስለቱም የግቢው ዋንዛ የመጀመሪያ ፍሬ በየዓመቱ ወደ ቂርቆስ ለሚሄዱ ልጆች እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ጥር አሥራ አምስት፣ ዓመታዊው የቂርቆስ ንግሥ ዕለት፣ ጋሽ አጽብሃ በማለዳ ረጅም ዘንግ ይዘው ይወጡና ዛፉን ያራግፉታል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሸሚዙን ዘርግቶ ይጠብቃል።

የዋንዛን ፍሬ ለማያውቅ፣ ቢጫ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። አይታኘክም፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ድንጋይ የመሰለ ዘርም አይዋጥም። ይመጠጥና ዘሩ ይተፋል። ልጆቹ ከግቢያችን ወጥተው፣ ባምቢስ ያለውን ወንዝ ተሻግረው፣ ቁልቁል እስከ ቂርቆስ ድረስ እየመጠጡና እየተፉ ይሄዳሉ። ማን ሩቅ ይተፋል ብለው ይወራረዳሉ። ወንዙ ዳር፣ ከቦዩ ጎን፣ ከጋራዦቹ ኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የነበሩት ዋንዛዎች ሁሉ የዚያ ጉዞ ልጆች ናቸው። ማንም አልተከላቸውም። ተተፍተው ነው የበቀሉት። የተረፈውን ፍሬ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጅራተ ረጃጅሞቹ አመድማ ወፎች በመንጋ መጥተው ይበሉታል፤ እነሱም በየሄዱበት ይጥሉታል።

ጋሽ አጽብሃ ሲያርፉ ስለቱን እትዬ አልጋነሽ ያዙት። እንደያዙትም ጨበጡት። ከጥር ቂርቆስ በፊት ማንም እጁን ወደ ዛፉ አይዘረጋም። ከቀኑ በፊት የወደቀውንም የሚያነሳ የለም፤ ያልተባረከ ነው። ይህ ለብዙ ዓመት ማንንም አላስቸገረም፣ ፍሬው ከጥር በፊት አይደርስማ።

እኔ የተማርኩት ብዙ የለኝም። ስሰፋ ራዲዮኔ አጠገቤ ነው፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት በመስማት ነው። ምድር እየሞቀች እንደሆነ፣ ዝናብ ወሩን እየሳተ እንደሆነ ሰማሁ። መጀመሪያ የሌላ አገር ወሬ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ቀና እያልኩ ዛፋችንን ማየት ጀመርኩ። ከመስከረም በኋላ ሊያብብ የሚገባው ዋንዛ ነሐሴ ሳያልቅ ነጭ ለበሰ። ግማሹን አበባ ዝናቡ አራገፈው፤ የቀረው ቶሎ አፈራ። አንድ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሌላ ዓመት ታኅሣሥ ሲገባ። ከዚያ ሕዳር ላይ። ወፎቹ ግን በወጋቸው ጥር ላይ መጡ። ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ወዲያ ወዲህ አዩ፣ ለቅሶ ዘግይቶ እንደ ደረሰ እንግዳ ዝም ብለው ቆይተው ሄዱ። ኋላ ኋላ መምጣቱንም ተዉት።

ግቢውም ተቀየረ። ጭቃ አስቸገረን ብለን ተስማምተን መሬቱን በሴራሚክ ስባሪ አለበስነው። ፍሬው እዚያ ላይ ይወድቃል፣ ይፈርጣል፣ ዝንብ ይወረዋል። ሆቴል ቤት የምትሠራው የእትዬ አልጋነሽ የልጅ ልጅ ሀኒ አንድ ጠዋት በተረከዛማ ጫማዋ ረግጣው ተንሸራታ በቂጧ ቁጭ አለች። «እማማ፣ በቃ ይሄ ዛፍሽ ሊገለኝ ነው፤ ስለቱ እኔ ነኝ እንዴ?» ብላ ግቢውን በሳቅ ገደለችው። እኔ አልሳቅሁም። የተጨፈለቀውን ፍሬ ነበር የማየው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሕዳር አሥራ ሁለት ነው። የሕዳር ሚካኤል ዕለት አዲስ አበባ በሙሉ ቆሻሻዋን ጠርጋ ታቃጥላለች፤ ሕዳር ታጠነ ይባላል። እትዬ አልጋነሽ በዚያ ዕለት ከቀኑ በፊት የወደቀውን ፍሬ ሁሉ ጠርገው፣ ከቅጠሉና ከወረቀቱ ጋር ከምረው፣ እሳት ይለቁበታል። ባልተባረከ የስለት ፍሬ ላይ እግር እንዳይረማመድ ነው፤ በእሳቸው ቤት ማክበራቸው ነው። ጥር ላይ ደግሞ ባዶ ዛፍ ሥር ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙና ለልጆቹ ከረሜላ ያድላሉ። ልጆቹ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ከረሜላቸውን እየመጠጡ ይሄዳሉ። በየመንገዱ የሚጥሉት የከረሜላ ላስቲክ ነው።

ሦስት ዓመት ለመንኳቸው። በትሕትና፣ በጨዋ ቃል፣ አንዳንዴ ከቅዳሴ መልስ፣ አንዳንዴ ውኃ ሲቀዱ ጀሪካናቸውን ተቀብዬ። «እትዬ፣ ዛፉ ቀኑን ቀየረ፤ እኛም ብንቀይርስ?» እላለሁ። ስለት በቀኑ ነው ይሉኛል። ዘሩን ደብቆ መሰብሰብም አስቤ ነበር። የስለት ነገር መስረቅ ግን እጄ እንቢ አለኝ። አምና ጥር ላይ ከልማት የመጡ ሰዎች ግቢውን ለክተው በግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ስለ ዋንዛው ስጠይቃቸው አንደኛው ቀና ብሎ አየና ያረጀ ነው፣ ፍሬም የለውም፣ ግድ የለም፣ ሕንፃው ሲያልቅ ፊት ለፊቱ ፓልም ይተከላል አለኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ያጽናናኝ መስሎት ነው። ፓልም! የሚመጠጥ የለው፣ የሚተፋ የለው፣ ወፍ የማያውቀው። ያን ቀን አንዲት የወንበር ልብስ ስሰፋ መርፌውን ጣቴ ላይ ሰካሁት፤ ሕመሙ እንኳ ዘግይቶ ነው የተሰማኝ።

ዘንድሮ፣ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ቁርጡ ታወቀ። ከገና በፊት ግቢውን ለቀን እንወጣለን። ከኛ ቀጥሎ ዛፉ ይወድቃል። ስለዚህ ዋንዛው ሌላ ጥር አያይም። ከሱ የወጡት የመንገዱ ዋንዛዎችም መንገድ ሲሰፋ፣ ለባቡሩ ሲቆፈር፣ ለጋራዥ ሲጠረግ አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ከባምቢስ እስከ ቂርቆስ በእግሬ ወርጄ ፈልጌ አንድም አላገኘሁም። የቀረ ዘር ካለ፣ ዘንድሮ ሕዳር ላይ መሬታችን ላይ የሚረግፈው ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ ሕዳር አሥራ ሁለት፣ ጠዋት ወጥቼ ሳይ እትዬ አልጋነሽ ጎንበስ ብለው ይጠርጋሉ። ክምሩ ከአምናው ይበልጣል። ቢጫ ፍሬ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተለውሶ። ክብሪቱ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ሰማዩ ከቄራም ከወሎ ሰፈርም በሚነሳ ጭስ ቀድሞውኑ ግራጫ ሆኗል።

ሄጄ መጥረጊያውን ከእጃቸው ወሰድኩት። በሕይወቴ ከሽማግሌ እጅ ነገር ነጥቄ አላውቅም።

«ምን ሆንክ አንተ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እነዚያ ሰዎች ዛፉን ሊቆርጡት ነው። እርስዎ ግን ከነሱ በፊት እያቃጠሉት ነው። በየዓመቱ። እነሱ ግንዱን ነው የሚወስዱት፤ ልጆቹን የፈጁት እርስዎ ነዎት።»

ለሥራ ልትወጣ በሯ ላይ የቆመችው ሀኒ ቦርሳዋን እንደያዘች ቀረች። «ጋሼ ወዳጆ፣ ዛሬስ ተነሳብህ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቀልዱ አልነበረም። እትዬ አልጋነሽ ቀና አሉ። ቁጣቸው የኔን ያህል ነበር። ባሌ የሰጠኝን አደራ የምታፈርስ አንተ ማነህ፣ ቂርቆስን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተሳለምክ ስለት ፈቺ ሆንክ ወይ አሉኝ። ብዙ አሉ። ሁሉንም ሰማሁ፤ መስማት ልማዴ ነው። ግን በዚያን ቀን መስማቴ አላበረደኝም። ዓለም ያሞቀችው ሰማይ፣ ወር የሳተ ዝናብ፣ ቀይ ቀለም፣ ፓልም፣ ይህ ሁሉ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ልቆጣው እንኳ ፊት የለውም። ክብሪቱ ግን በኛው ነጠላ ነው የታሰረው።

«አጽብሃ ጥር አሥራ አምስት ብሏል» አሉ በመጨረሻ፤ «ጥር አሥራ አምስት ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያች ወሬ ብቅ ያለችው። ካልደረሰስ። ካልደረሰማ ይጠበቃል። ምን ነበር ያልደረሰው? መጥረጊያውን እንደያዝኩ ሐጂ ሱሩር በር ሄድኩ። ከሱቃቸው ደፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፣ ጩኸታችንን ሁሉ ሰምተዋል። ያን ቀን አግዳሚው ላይ ከጋሽ አጽብሃ ጋር ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው። የሰማኋትን ነገርኳቸው።

«ሳቃችን ትዝ ይለኛል» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሱ፤ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ዋንዛው መጣን። እትዬ አልጋነሽ ክብሪቱን ከነጠላቸው እየፈቱ ነበር።

«አልጋነሽ» አሉ ሐጂ ሱሩር፤ «ያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጥር ቂርቆስ ደርሶ ፍሬው እንደ አረንጓዴ ጠጠር የነበረ ጊዜ?»

እትዬ አልጋነሽ ክብሪቱን ከቋጠሮው አወጡት።

ሐጂ ሱሩር ወደኔ ዞረው ነገሩኝ። ጠያቂው እሳቸው ነበሩ። ንግሡ ሊገባ ሲል ዛፉን አይተው፣ ካልደረሰስ ብለው ጋሽ አጽብሃን ነገር ፈለጉት። ሰውየውም ካልደረሰማ ይጠበቃል አለ። ያንተ ታቦት ቀጠሮ ያራዝማል ወይ ብለው ቢያሾፉበት፣ ቂርቆስ እኮ በየወሩ አሥራ አምስት አለ፣ ፍሬው ሲደርስ በደረሰበት ወር እንሄዳለን፣ ቂርቆስ ሕፃን ነው፣ ጎምዛዛ ፍሬ ይዘውለት ቢመጡ ያለቅሳል አለ። በዚህም ደግመው ሳቁ። ብየዳ ቤቱ የወሰደብኝም ይህንን ነበር። በየካቲት አሥራ አምስትም ልጆቹ ሄዱ።

«ልጆቹን ያሰለፍሻቸው ደግሞ አንቺ ነሽ» አሏቸው እትዬ አልጋነሽን። «የኔን ኢብሮ ንፍጡን የጠረግሽው አንቺ ነሽ፤ ታቦት ፊት እንዲህ ሆነህ አትቀርብም ብለሽ። እስላም ነው ብልሽ፣ ንፍጥ ሃይማኖት የለውም አልሽኝ።»

ሀኒ ፈገግ አለች። እትዬ አልጋነሽ ግን ክብሪቱን በጣታቸው ያገላብጡታል።

«አውቃለሁ» አሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ንዴት መጣብኝ። ካወቁ ታዲያ ለምን? ለምን በየዓመቱ እሳት? አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። ፊታቸውን ወደኔ አላዞሩም፤ ለዛፉ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

«እሱ በሕይወት ሳለ ቀኑን ማንሳትም መጣልም የሱ ነው። ባለስለቱ እሱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ካነሳሁት የት ላቆመው? ልጄ ራቀች። ቤቴን ቀለም ቀቡት። ዛፉን ሊወስዱ ነው። ከአጽብሃ የቀረኝ ጥር አሥራ አምስት ብቻ ነው። እሱንም ውሰዱና ጨርሱኝ።»

ንዴቴ አልጠፋም፤ ውሸት መናገር አልፈልግም። የሚያርፍበት ግን አጣ። መጥረጊያውን ግንዱ ላይ አስደገፍኩና ክምሩ አጠገብ በርከክ ብዬ ፍሬውን ከቅጠሉ መለየት ጀመርኩ። ጣቶቼ ተጣበቁ።

«ቀኑን የሚወስድብዎ የለም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ጥር ላይ የትም እንሁን የት ቂርቆስን እንሳለማለን። ግን ጋሽ አጽብሃ የተሳሉት ፍሬውን ነው። ይኸው ደርሷል። ከሦስት ቀን በኋላ አሥራ አምስት ነው፤ እሑድ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የላቸውም። ጾምም ቢገባ ፍሬ ነው።»

እትዬ አልጋነሽ መለሱ። ቃላቸው ግን ከበፊቱ አንሶ ነበር። የዛሬ ልጆች ይሄን አይበሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሀኒ እስቲ ብላ አንዱን ከቅርንጫፉ ቀጥፋ አፏ ውስጥ ከተተች። ከንፈሯን የተቀባችው ነገር ከፍሬው ጋር ተጣብቆ አፏ አልከፈት አለ፤ በእጇ ስታላቅቀው ሐጂ ሱሩር ድምፁን ሰምተው ሳቁ። «ኧረ ይጣፍጣል» አለች ስትለቀቅ፤ «ማለቴ፣ ጣፋጭ ማስቲሽ ነው።» ከዚያ ዘሩን የት እንደምትተፋ ስትፈልግ ዙሪያዋን አየች። ሴራሚክ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሴራሚክ ነው። መጨረሻ ላይ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

ይህን ሁላችንም አየን።

«ልጆቹ ሰው ሲያደርገው ካላዩ አያደርጉትም» አሉ ሐጂ ሱሩር። «ትልቅ ሰው ከፊት መሄድ አለበት። እኔ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እሸኛችሁ ነበር፤ ግን ጥርሴ ሁለት ናት፣ ብተፋ አብራ ትሄዳለች።» ፊታቸውን ወደ እትዬ አልጋነሽ ድምፅ አዞሩ። «ያንቺ ግን ደህና ናት። አጽብሃ ይኮራባት ነበር።»

«እኔ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «በነጠላዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በአደባባይ ልተፋ? መንገድ ላይ ተፍቼ አላውቅም። እናቴ ታየኝና...» አልጨረሱትም።

እውነት ነው፤ እትዬ አልጋነሽ መንገድ ላይ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ሴት ናቸው። ያን ያህል ነገር ነበር የምንጠይቃቸው። ፍሬውን መልቀሜን ቀጠልኩ፤ በልቤ ቂርቆስን ጠራሁት፣ በቁጣ ነው የጠራሁት፣ ይቅር ይበለኝ። ከላይ አንድ ፍሬ ወደቀና ሴራሚኩ ላይ ጧ ብሎ ፈረጠ። ሌላም ወደቀ።

እትዬ አልጋነሽ ክብሪቱን ለሀኒ አቀበሏት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ ከጎኔ ተቀመጡና ከክምሩ ውስጥ ደህናውን መምረጥ ጀመሩ። ጥቂት እንደለቀሙ እጃቸው ቆመ።

«እሺ» አሉ። «እሑድ እኔ ከፊት እሄዳለሁ። እተፋለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ቆጣ አድርገው አዩኝ። «አፈር የተረፈበትን ቦታ ግን አንተ ነህ የምታሳየኝ።»